ቀለሙን ላሰው ያሉኝ እማማ

ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ላብ በላብ የሚያደርገው አንድ ደንበኛ አያጣም። ለእኔ የደረሱኝ በሆዴ «የተከበሩ እማማ ጠያቂ» የምላቸው ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ሲሆኑ፣ አሁን በረንዳቸው ላይ ከቁርጥራጭ ጣውላ የልጆች መጫወቻ ይሠራሉ። እኔ ቀለም እሸጣለሁ። እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ስለ ቀለም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ቀይ የዘይት ቀለም አስከፍተው አሸተቱና፣

«እርሳስ አለበት?» አሉኝ።

«እርሳስ እንኳ ማዶ ደብተር መሸጫው ጋ ነው የሚያገኙት፣ እማማ» አልኩ፣ በቅልጥፍናዬ እየተደሰትኩ።

«የሚጻፍበትን ማን ጠየቀህ? ቀለም ውስጥ የሚጨምሩትን ማዕድን ነው የምልህ። የልጅ አእምሮ ይጎዳል። የልጅ ልጄ ጥርስ እያወጣ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።»

እንዲህ ያለ ነገር ቀለም ውስጥ እንደሚገባ የሰማሁት ያኔ ነው። ቢሆንም ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ኧረ ምንም አያደርግም!» አልኩ።

«እንግዲያው ላሰው።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጣቴን ነከርኩ፤ እስከ ጢሜ ድረስም አደረስኩት። ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለኝ።

«ምሳ በልቻለሁ» አልኩ።

አንድ ቀለም ቀቢ ትን እስኪለው ሳቀ። እኔ ቀይ ጢሜን ይዤ ቀረሁ።

እሳቸው እንደወጡ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለልጄ የሠራሁላትን የእንጨት መኪና የቀባሁት በዚያው ቀለም ነው። አከፋፋዩ ጋ ደወልኩ። «እሱ ለብረት በር ነው! ለልጅ አፍ ነው ማን አለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። የመኪናዋ ጣሪያ በጥርስ ተግጦ እንጨቱ ይታያል። ልጄን አቅፌ ክሊኒክ ገባሁ፤ ደሟ ተመረመረ፤ እግዜር ይመስገን ደህና ናት ተባለ። ባለቤቴ ግን እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀለም ነጋዴ ብዬ አገባሁት!» ትላለች።

ከዚያ በኋላ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ለመጫወቻ እንደሚሆን ተመርምሮ የተጻፈበት ቀለም አስመጣሁ። እማማ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ለመግዛት ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር ያነባሉ፤ እስከ ውስጡ ለመድረቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያስምሉኛል፤ ከዚያ «ላስብበት» ብለው ይሄዳሉ። «ምነው ሌላ ሱቅ በለመዱ!» እያልኩ ሳማርር ከረምኩ።

ባለፈው ሰሞን ጠፉ። ደንበኛ ሞልቶ ሳለ ሱቁ ጭር አለብኝ። ሰው ቀለም መርጦ፣ ከፍሎ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሲወጣ ቅር ይለኝ ጀመር። በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ። ጉንፋን ጥሏቸው ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። ገና ሳልቀመጥ ጎማዋ የወለቀ ትንሽ የእንጨት ጋሪ አሳዩኝ።

«እስቲ ንገረኝ፤ ሙጫውስ? ምን ይሆን የሚገባበት?»

እንደ በፊቱ ፊቴን ላኮሳትር አልኩና ተውኩት።

«አላውቅም፣ እማማ።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አሉና ወንበሩ ላይ ያለውን የመጋዝ ብናኝ በእጃቸው ጠርገው አስቀመጡኝ።

ያን ቀን ወደ ሱቄ አልተመለስኩም፤ ጋሪዋን ይዘን ስንጠያየቅ መሸ።