በነጭ ሽንኩርት ማሳ ያለቀ ማዕበል

እኛ ላስታዎች ከፍታችንን የምንለካው ካላየነው ነገር ነው። ላሊበላ ውስጥ ያገኛችሁትን አስጎብኚ ጠይቁ፤ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደቆማችሁ ሳያስብ ይነግራችኋል። ባሕሩን አይቶት ያውቃል? የት አይቶት! አባቱስ? አባቱ ያዩት ትልቁ ውሃ በክረምት የሞላ ተከዜ ነው። ያም ሆኖ ከዚያ ካላየነው ባሕር በላይ በመሆናችን ሁላችንም ኩራት ቢጤ ይሰማናል። እኔማ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ኩራቱ ሥራዬ ነው። ማዕበል እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ዳርቻ ሲደርስ ለምን አጎንብሶ እንደሚሰበር በጠመኔ ስስል ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ተማሪዎቼ፣ "መምህር፣ እርስዎ ማዕበል ነክተው ያውቃሉ?" ብለው ጠየቁኝ። "ነክቼ ብቻ? ጋልቤዋለሁ፤ በትሪ" አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሐይቅ ዳር ነው። ከታምሩ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ነበርን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ጎብኚ የጫኑ ጀልባዎች ሲመለሱ ሐይቁ ላይ ማዕበል ይነሣል። የባሕር ሰው አይቶ ይስቅበት ይሆናል፤ ለሁለት የደጋ ልጆች ግን ከበቂ በላይ ነበር። ታምሩ ከካፌው በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ የሚያወጣት፣ ሽሮ የጠገበች የፕላስቲክ ትሪ ነበረችን። ብልሃቱን ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ሐይቁ ራሱ ይመስለኛል። ትሪዋን በአንድ እጅህ ይዘህ ክንድህን ወደ ፊት ትዘረጋለህ። ማዕበሉ ጀርባህን ከፍ ሲያደርገው በእግርህ ውሃውን አጥብቀህ ትመታለህ፤ ትሪዋን ውሃው ላይ ታስተኛታለህ። ትሪዋ ቀና ትላለች፣ ደረትህ ይከተላታል። ከዚያ በኋላ አንተ አትዋኝም፣ ውሃው ራሱ ነው የሚወስድህ። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። በሕይወቴ ሳልለፋ ወደ ፊት የሄድኩት ያኔ ብቻ ነው።

የካፌው ትሪ መጉደሉ ግን መታወቅ ጀመረ። አንድ ቀን ታምሩ ትሪዋን አልጋ ሥር ጥሏት ወጣ፤ እኔ ደግሞ ሕሊና የሚባል በሽታ ያኔ ነበረብኝ፣ ልመልሳት ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ያዘኝ። "ልመልስ ነው" ብለው፣ "የተያዘ ሁሉ ሊመልስ እየሄደ ነበር" አለኝ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ታምሩ የክፍል ጓደኛ ነውና ለምስክርነት ተጠራ። ገብቶ ጫማውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ "የማውቀው ነገር የለም" ብሎ ወጣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ ፋይሌ ውስጥ ገባች። ስንመረቅ ትምህርት ክፍሉ አንድ ረዳት መምህር ሊያስቀር ፈለገ። በውጤት እኔ እበልጠው ነበር፤ በፋይል ግን እሱ ይበልጠኝ ነበር። እሱ ቀረ፤ ቀጥሎም ስለ ባሕር ዳርቻ ሊማር ባሕር ያለበት አገር ተላከ፤ በዚያው ኖረ። እኔም ከባሕር ወለል በላይ ተመለስኩ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ የላሊበላ ሰው ካለ በቅርቡ የመጣ መሆን አለበት። ያመነኝ ግን የለም። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ሰምቶ ሲያበቃ የጽሕፈት ቤቱን ስቴፕለር ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ባለቤቴ፣ "ታዲያ ካልወሰድከው እጅህ ላይ ምን ይሠራል?" ትለኛለች። የንስሐ አባቴ እንኳ ገና "ትሪ" ስል፣ "ልጄ፣ እሷን ባለፈው ነግረኸኛል" ይሉኛል። ሃያ ዓመት የፈለግሁት ሹመት አልነበረም፤ የተወሰደውን ወንበርም ይቅር ብያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከታምሩ አፍ። "ጥፋቱ የኔ ነበር" የምትል። ይህን ያህል ብዙ ነው?

ዘንድሮ ለገና ታምሩ ደወለ። መጣሁ አለ፤ መጣም። ጢሙ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ሳቁ ግን ያው የአልጋው ፎቅ ላይ ሳቅ ነው። ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳልጀምር አቀፈኝ፤ ታቅፎ ደግሞ መክሰስ አይመችም። ቤት ገብተን ከሻንጣው ስጦታ አወጣ። አንደኛው ከመክተፊያ ትንሽ የሚያንስ፣ አፍንጫው ቀና ያለ፣ በላዩ እጅ የሚገባበት ቀበቶ ያለው የተወለወለ ጣውላ ነው። ሁለተኛው የዳክዬ እግር የመሰለ ጥንድ የጎማ ጫማ። ባለቤቴ ጣውላውን ተቀብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔው ተሰንጥቆብኝ ነበር" ብላ ወደ ጓዳ ይዛ ልትገባ ስትል ታምሩ እየሳቀ አስመለሳት። እሱ ባለበት አገር ሰው ይህን ጣውላ እጁ ላይ፣ ጎማውን እግሩ ላይ አድርጎ ያለ ጀልባ ማዕበል ይጋልባል አለ። ይህን ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ አለ። "የኛ ትሪ'ኮ ነው፣ አንተ! ሳናውቀው ፈልስፈነው ነበር!"

የኛ ትሪ! ጆሮዬ ቆመ። በገዛ አፉ ትሪ አለ፤ ከትሪ እስከ ኮሚቴው ስንት ቃል ነው? ጠበቅሁ። ጠላውን ጠጣና "የላስታ ብርድ ለካ ቀልድ አይደለም" አለ።

በማግሥቱ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ እዚህ አገር አየር አልደረሰም እንዴ?" አለኝ። "ድርሻችንን አንተ እዚያ ሆነህ እየተነፈስክልን ነው" አልኩት። ሳቀ። እንደ ቀልድ ወሰደው! የተማረን ሰው መስደብ እንዴት ከባድ ነው።

በመጨረሻው ቀን ስጦታውን ውሃ ላይ ካልሞከርነው አልሄድም አለ። ከከተማው ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ሄደን ወደ መስኖው ኩሬ ወረድን። ለማያውቅ ልንገር፤ የመስኖ ውሃ ባለቤት አለው፣ ተራ አለው፣ ከሁሉም በላይ የውሃ አባት አለው። የውሃ አባት ገበሬው ራሱ የሚመርጠው ሽማግሌ ነው። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚያዝ እሱ፣ ተራ የሰረቀን የሚቀጣ እሱ። የኛዎቹ የውሃ አባት አያ አስረስ ይባላሉ። የኩሬው መዝጊያ እንደ መኪና መሪ የሚዞር ብረት አለው፤ ያንን ብረት ያለ አያ አስረስ ፈቃድ መንካት የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ያለ በዓል ከመምታት አይተናነስም።

ታምሩ ጎማውን አጥልቆ ገባ፤ እየተንቀጠቀጠ ኩሬውን ሁለት ጊዜ ዞረና ወጣ። "ማዕበል የሌለው ውሃ ምን ያደርጋል? ያው ትልቅ ባልዲ ነው" አለ። ተራው የኔ ሆነና ጎማውን እኔ አጠለቅሁ፤ ጣውላውንም ያዝኩ። እሱ በውስጥ ሱሪው ፀሐይ ላይ ጋደም አለ። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ "ያቺን ትሪ ታስታውሳታለህ?" አለኝ።

ይኸው መጣች አልኩ። ሃያ ዓመት!

"እንዴት ጥሩ ትሪ ነበረች!" አለና ወደ ጎኑ ዞረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ የጂኦግራፊ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ብረቱ ላይ አረፈ። ቁልቁል የሚሄደውን በሲሚንቶ የተሠራ ቦይ አየሁ። ተዳፋቱን ገመትኩ። ማዕበል የለም? ላሳይህ፣ አልኩ በሆዴ። ብረቱን አንድ ጊዜ አዞርኩት፤ ውሃው ሽንት ያህል ወረደ። ሁለተኛ አዞርኩ። ሦስተኛውን ያዞርኩት ግን በክንዴ አልነበረም፣ በዚያች ደብዳቤ ነው። መዝጊያው ተንገጫግጮ እስከ መጨረሻው ተነሣ። ውሃው ፈነዳ። ቀበቶው ውስጥ እጄን ከትቼ ከነሸሚዜ ዘለልኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በጠመኔ መሳል አይቻልም። ክንዴን ዘረጋሁ፤ በጎማው ሁለት ጊዜ ውሃውን መታሁት፤ ጣውላው አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ደረቴም ተከተለው። ላስታ በግራና በቀኝ ሸሸ። ትሪዋ፣ ሐይቁ፣ ከምሽት በፊት ያለው የወርቅ መልክ ያለው ውሃ፣ ከአጠገቤ "ምታ! ምታ! በእግርህ ምታ!" እያለ የሚጮኸው ቀጭኑ ታምሩ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። እድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ ፋይሌም ንጹሕ ነበር። አራት ሰከንድ አልኩ? ይሄኛው አሥር አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቦዩ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ውሃ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውጨኛው ዳር እንደሚገፋ ስንት ትውልድ አስተምሬአለሁ! ይህንኑ እያስታወስኩ ከውጨኛው ዳር ላይ ተነሥቼ የእትዬ ዘውዴ ነጭ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ አረፍኩ።

"ኧረ ውሃው! ኧረ ውሃውን ማን ለቀቀው!" የሚል ጩኸት ከየማሳው ተነሣ። አካፋ የያዘ ሁሉ ሮጠ። ኩሬው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ያገኙት ማንን ነው? ታምሩን። በውስጥ ሱሪው ሆኖ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሙሉ ኃይሉ እያዞረ። ምስኪኑ እኔ የከፈትኩትን እየዘጋ ነበር። ግን ብረት የያዘ ሰው እየከፈተ ይሁን እየዘጋ በምን ይታወቃል?

አያ አስረስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ደረሱ። እንግዳውን አዩት። እንግዳ ደግሞ ምንም ባይለብስ ክብር አለው። "እንግዳው፣ ይሄን ውሃ የፈቱት እርስዎ ነዎት?" አሉት።

ታምሩ ቁልቁል ወደ እኔ አየ። እኔ እስከ ደረቴ በጭቃ፣ ጆሮዬ ላይ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከታምሩ ዓይን ጋር ተገናኘሁ። ጠበቀኝ፤ በደንብ ጠበቀኝ። ማለት የነበረብኝ ቃል አጭር ነበር፤ "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ። አንድ ሰው አላላትም ብዬ ሃያ ዓመት አገር ያሰለቸሁባት ቃል። ግን እትዬ ዘውዴ የተኛውን ሽንኩርቷን እያየች ቆማለች፤ ከአጠገቧም የሦስት ተማሪዎቼ አባቶች ቆመዋል። እኔ የሰው ልጅ አራሚ ነኝ፣ መምህር ነኝ። ጫማዬን አየሁ። ብዙ የሚታይ ጫማ ነበር።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ ታምሩ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

አያ አስረስ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "የውሃ አባት ከሆንኩ ወዲህ ስንት ሰው እጁ ብረቱ ላይ እንዳለ ክዶኛል! ሳላስምለው፣ ሳልገዝተው ያመነ ይሄ ሰው ብቻ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ መምህር፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተምረህ ምነው እስካሁን ስለ ሰሐን ስታለቅስ የምትኖረው?" አሉኝ። እትዬ ዘውዴ ደግሞ እግሬን አይታ ጮኸች። "ኧረ በሞቴ! እንዳይሮጥ ይሄን ጎማ እግሩ ላይ አስሮ ነው እኮ ውሃ የለቀቀበት! መምህር፣ ተርፈሃል?" ተርፌአለሁ አልኩ። ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።

ፍርዱ አልዘገየም። ተራ የበደለ ቦይ ይጠርጋል። እንግዳ ግን አካፋ አይይዝም፤ ስለዚህ እንግዳ ላጠፋው አስተናጋጁ ይጠርግ ተባለ። ሦስት ቀን።

አቀበቱን ስንወጣ ታምሩ እርጥብ ጎማዎቹን ትከሻው ላይ ጥሏቸዋል። ለማረፍ ስንቆም፣ "ያን ቀን ኮሚቴው ፊት እንዲህ ማለት ነበረብኝ" አለኝ። "ፈራሁ። ሃያ ዓመት ስደውልልህ ይህን ለማለት ነበር፤ ስልኩን ስታነሣ ግን ስለ አየር ጠባይ አወራለሁ።"

ይኸው። መጣች። የጠበቅኋት ዓረፍተ ነገር፣ ከነምክንያቷ፣ ከነይቅርታዋ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ አላልኳችሁም? ለክሱም ለይቅርታውም የሚሆን። አንዱም አልወጣ አለኝ። አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ "ፈራሁ" ሲለኝ፣ ሰው እንዴት እንደሚፈራ ገና ከአንድ ሰዓት በፊት በራሴ አይቼዋለሁ። "ብርዱ ገባብህ፣ እንሂድ" አልኩት። እኔም ስለ አየር ጠባይ አወራሁ።

እሱ ወደ ባሕሩ ሄደ። እኔ በማግሥቱ አካፋ ተሸክሜ ወረድኩ። ታምሩ አያ አስረስ ዘንድ አሁንም ይወሳል፤ ባለፈው ሳምንት በውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሲገሥጹ፣ "እንደዚያ ባለ ጎማው እንግዳ እመኑ!" ብለዋቸዋል። እኔ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቼ ስቆፍር መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን እትዬ ዘውዴ ትኩስ ዳቦ በመሶብ ልብስ ጠቅልላ መጣች። ሽንኩርቷን ያስተኛሁባት ሴት! ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዞር ብላ ከኋላዋ ለሚመጡት ሰዎች፣ "አያችሁት ምስኪኑን" አለቻቸው። "በሰው ጥፋት!"

ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ "እውነት ነው፣ በሰው ጥፋት" አሉ።

ይህን ፍርድ ከሰው አፍ ለመስማት ሃያ ዓመት ለምኛለሁ። አመሰገንኳቸው፤ ዳቦውንም ተቀበልኩ።