ያልተጠናው ተፋሰስ የደረጃ እድገት

ነዳጅ የሚገኘው በመሰርሰሪያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ የተፋሰስ ጥናት መምሪያውን ቀይ እስክሪብቶ አያውቅም ማለት ነው።

ጂኦሎጂስቷ በመምሪያው ስድስት ዓመት አገልግላለች። የተመደበላት ደለላማ ተፋሰስ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷ ሳትወለድ ደረቅ ሆኖ የተተወ። አርባ ቀን በሐሩር ስትንከራተት ከርማ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ሦስት ጆንያ ድንጋይ ይዛ ተመለሰች። ከዚያም እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «በተፋሰሱ ዘይትና ጋዝ መኖር አለመኖሩ አይታወቅም። ለማወቅ የከርሰ ምድሩን ንዝረት የሚለካ የሳይዝሚክ ጥናት ያስፈልጋል።»

የቡድን መሪው አንብቦ ቅር አለው። «‹አይታወቅም› ብሎ ነገር ምንድነው? ሞራል ይነካል» አለና «ገና» የምትል ቃል ጨመረበት። ምክትል ዳይሬክተሩ «ገና ያልታወቀ እምቅ ሀብት» ሲሉ አሻሻሉት። ዳይሬክተሩ ደግሞ በቀይ እስክሪብቷቸው «ያልታወቀ»ን ሰርዘው «ያልተነካ» አሉት። የሳይዝሚኩ ዓረፍተ ነገር ለገጹ ውበት ሲባል ወጣ። በዚህ ሁኔታ አንዲት አካፋ አፈር ሳይነሳ፣ በሦስት ፊርማ ነዳጅ ተገኘ።

ጂኦሎጂስቷ ደረጃውን እየዘለለች ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያመጣሁት ድንጋይ ነው!»

«ድንጋዩን ማን ነካብሽ? አባሪ ይሆናል።»

«የተቆፈረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

«አየሽ? አልተነካም ማለት ነው!»

«ምንም ባይኖርስ?»

«አለመኖሩን በምን አወቅሽ፣ ልጄ? ጥናት አላደረግሽ!»

ስድስት ዓመት የለፋችበት ሥራ ዓይኗ እያየ ሲቀለድበት እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችውና «እንግዲያው ስሜን ከሪፖርቱ ያውጡልኝ» አለች። ዳይሬክተሩ ትሕትናዋን በጣም አደነቁ፤ ስሟንም አወጡ።

ሪፖርቱ በትልቅ አዳራሽ ቀረበ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ክቡራንና ክቡራት፣ ሀብታችን ከእግራችን በታች ነው!» ሲሉ ታዳሚው ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን አየና ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ሳምንት ጂኦሎጂስቷ የድንጋይ ናሙናዎቿን ስትለይ፣ ዳይሬክተሩ ከበላይ አካል የመጣ ደብዳቤ ይዘው ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ።

«እስቲ አንቺ አንብቢው፤ እኔ ዓይኔን አላመንኩትም።»

አነበበች። «መምሪያው የተፋሰሱን ሀብት በማረጋገጥ ተልዕኮውን ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ በማጠናቀቁ ከፍ ያለ ምስጋና እያቀረብን፣ ከእንግዲህ የሚጠና ነገር ባለመኖሩ ከዛሬ ጀምሮ የታጠፈ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ዳይሬክተሩ ጆንያው ላይ ዘጭ አሉ።

«ምኑን ነው ያጠናቀቅነው?» ብለው ጮኹ። «መቼ ጀመርነውና!»

ጂኦሎጂስቷ መዶሻዋን አስቀመጠች። ከዚያ መምሪያ በማስረጃ የተደገፈ ግኝት ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።