የፖንቱኑ ሞተር ስንት ፈረስ ይሁን?

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብዋሽ የቀረኝን ዕድሜ አንድዬ ይቀማኝ። አውቃለሁ፣ የቀረህ ዕድሜ ስንት ሆነና ነው መያዣ የምታደርገው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ሌላ የምምልበት የለኝም፤ በተረፈኝ ነው የምምለው።

እናንተዬ፣ በዚህ በአሜሪካ አገር ሰውን የሚጨርሰው ሥራ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ዳቦ በሥጋ ልትበሉ ትገባላችሁ። ዳቦው ነጭ ነው ቡናማ? ይጠበስ አይጠበስ? አይቡ ከስድስቱ የትኛው ነው? ሽንኩርቱ ጥሬ ይሁን የበሰለ? ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ሲተነፍስ ማጅራታችሁ ላይ ይሰማችኋል። እኔ አንድ ቀን ኮሎምቢያ ሃይትስ ሳንድዊች ላዝ ለቁርስ ገብቼ ጥያቄውን መልሼ ስጨርስ እራት ደርሷል። እኛ ያደግነው እኮ ምርጫው ሁለት ብቻ በሆነበት ቤት ነው፤ መብላት ወይም አለመብላት። ሁለተኛውን የመረጠ ደግሞ በቁንጥጫ ሐሳቡን ይቀይራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ወስዳችሁ ጀልባ እዘዝ በሉት።

ጀልባውን የፈለገው ወዳጄ ጌታሁን ነው። ጌታሁን ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሥር የኖረ ሰው ነው። ሞቶ አይደለም፤ የፓርኪንግ ጋራዥ ሠራተኛ ሆኖ። ዲሲ መሐል ካለ ሕንጻ ሥር፣ ሦስት ፎቅ ወደ ታች፣ የጠበቆችን መኪና በምሰሶ መሐል ሲያስገባና ሲያስወጣ ፀሐይ ሳያይ ጡረታው ደረሰ። እኔ እንደቆጠርኩት ሁለት ሚሊዮን መኪና አቁሟል፤ አንዱንም አልጫረም። ጡረታ በወጣ ማግስት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንቀመጥበት ካፌ መጥቶ፣ “ከእንግዲህ የምነዳው ምሰሶ የሌለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው” አለን። ምሰሶ የሌለበት ቦታ ፈልገን ፈልገን ያገኘነው የፖቶማክን ወንዝ ነው።

ፖንቱን የሚባለውን ጀልባ ላላያችሁ ልንገራችሁ። በርሜል የመሰሉ ሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ ጠፍጣፋ ወለል ይነጠፋል፤ ወለሉ ላይ ዙሪያውን ሶፋ ይደረደራል፤ ከላይ ጥላ ይዘረጋል፤ ከኋላ ሞተር ይንጠለጠላል። ባጭሩ ሳሎን ነው። የሐበሻ ሳሎን እንዳለ ውሃ ላይ ወጥቶ ማለት ነው፤ የሚጎድለው ዳንቴሉ ብቻ ነው።

ችግሩ የጌታሁን ዓይን ነበር። ግላኮማ የሚሉት በሽታ የሚያየውን ከዳር ከዳር እየበላበት ነው። ሐኪሙ፣ ዕድለኛ ከሆንክ ይህን ሰመር ያቆይልህ ይሆናል ብሎታል። ጀልባው ደግሞ ታዝዞ ከፋብሪካ እስኪመጣ አራት ወር ይፈጃል። ወሩ ጃንዋሪ ነው። ቶሎ ከታዘዘ ጀልባው ለሰመር ይደርሳል፣ ዓይኑም ገና አልሄደም፤ አንድ ሰመር ይነዳል። ሰውዬው የፈለገው አንድ ሰመር ነው።

መቼም ሐበሻ እዚህ አገር ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ብቻውን አይሄድም። መኪና ለመግዛት ሰው አስከትሎ ይሄዳል፤ አንዱ ጎማውን በእርግጫ ይመታል፣ አንዱ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ አንዱ ሻጩን ይገላምጣል፣ ገዢው ጥግ ይዞ ውሳኔ ይጠብቃል። ለጌታሁንም እንዲሁ ተሰለፍን። ሐጂ ሰይድ አለ፤ የወሎ ሰው፣ አናንዴል ሱቅ ያለው፣ እንግዳ ካልጠራ የሚያመው። ኢንጂነር ታደሰ አለ፤ ዕድሜውን የውሃ ቱቦ ሲቆጣጠር የኖረ፣ እሁድ ቸርቹ ውስጥ ወንበር የሚያስተካክል፣ በቀረው ቀን እኛን የሚያስተካክል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የእኔ ሥራ መናገር ነው።

ከዲሲ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ ጀልባ የምትሸጠው ሴትዮ ዳያን ትባላለች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ትዕግሥቷ ገና ያልሸበተ። አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ዘረጋችልንና፣ “ከሞተሩ እንጀምር፤ ለእናንተ ስልሳ ፈረስ ጉልበት ይበቃል” አለች።

“ስልሳ?” አለ ሐጂ በአማርኛ። “ይህቺ ሴት ንቃናለች።”

ኢንጂነር ካልኩሌተሩን አወጣ። “ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው?”

“አሥር ነው የሚለው፤ ተጽፎበታል እኮ” አለ ጌታሁን።

“እሱ ለነሱ ነው” አለ ሐጂ። “አሥር ሰው ጠርተህ አሥር ሰው ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ? የሚስት እህት አለች፣ ከአገር ቤት የመጣች እናት አለች። ዘጠና አድርገው።”

“ዘጠና ካልክማ መቶ አሥራ አምስት ነው። መቶ አሥራ አምስት ከሆነ ሦስተኛ ቱቦ ይጨመርበታል። ሦስተኛ ቱቦ ከገባ በኋላ ከመቶ ሃምሳ በታች ማሰብ ራሱ ነውር ነው” አለ ኢንጂነር።

ዳያን ጣልቃ ገብታ፣ ከተማው ዳር ዳሩን ጀልባ በሰው እርምጃ እንዲሄድ ሕግ ያዛል አለችን። መቶ ሃምሳ ፈረስ ገዝተን በልጓም እየሳብን ልንሄድ ነው ማለት ነው። ማንም አልሰማትም። ጌታሁን ቅጹን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ የሶፋውን ሥዕል በጣቱ ይዳብሳል፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

በሳምንቱ ሜሮን ኮል አደረገችኝ። የጌታሁን ልጅ ናት፤ ነርስ ናት።

“ጋሼ፣ ዳዲ ነግሮዎታል? ዶክተሩ ጋ ሄደን ነበር። ዓይኑ ካሰቡት በላይ ፋስት እየሄደ ነው። ከእንግዲህ መንዳት አይችልም። መኪናም፣ ቦቱንም።”

“እሱ ምን አለ?”

“ዝም። የሰማ አይመስለኝም። ወይም መስማት አልፈለገም። ፕሊስ ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩት። እኔ ስነግረው ልጅ ነሽ ይለኛል።”

“መልካም” አልኳት። መልካም ማለት እንዴት ያለ ቀላል ቃል ነው!

እኛ ደግሞ ክፉ ወሬ እንዴት እንደምንነግር ታውቃላችሁ። ዘመድ የሞተበትን ሰው እንኳ ቀን መርጠን፣ ሰው አሰባስበን፣ በማለዳ ነው የምናረዳው። ስለዚህ ሐጂንና ኢንጂነርን ካፌው ጠራኋቸው። ማን ይንገረው? “አንተ የልብ ወዳጁ ነህ” አሉኝ። “ሐጂ ሽምግልና ያውቅበታል” አልኩ። “ኢንጂነር ጸልይና ንገረው” አለ ሐጂ። እንዲህ ስንገፋፋ ውለን የደረስንበት ውሳኔ ይኸው፤ ለጊዜው ማዘዣው እንዳይፈረም እናዘግየው። ካልተፈረመ ጀልባ የለም፤ ጀልባ ከሌለ የሚነዳ ነገር የለም፤ የሚነዳ ነገር ከሌለ አትነዳም ብሎ መንገርም የለም። ሦስታችንን ብትደምሩ ሁለት መቶ ሃያ ዓመት የኖርን ሰዎች ነን። ከዚያ ሁሉ ዕድሜ ያወጣነው ብልሃት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጌታሁን “ነገ ልፈርም” ባለ ቁጥር አንዳችን አንድ ነገር እናነሳለን። ፌብሩዋሪ በሶፋው ቀለም አለቀ። ማርች ላይ ኢንጂነር የእጅ መታጠቢያውን አነሳ፤ ጀልባው ላይ ያለው ለብርጭቆ ማለቅለቂያ የተሠራ ነው፣ ለሐበሻ እጅ አይሆንም፣ ሙቅ ውሃም ይግባለት አለ። ሐጂ የልብስ መቀየሪያው መጋረጃ መስገጃም እንዲሆን ጠየቀ፤ ጀልባው ሲዞር የሚሰገድበት ቂብላ አብሮ አይዞርምና ይህ ብቻውን ሁለት ሳምንት ወሰደ። ኤፕሪል እንደገና ወደ ሞተሩ ተመለስን። የተሰረዘና የተደለዘው ቅጽ ቢነባበር ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ዳያን በበኩሏ በአማርኛ “ሰላም” እና “እሺ ነገ” ማለት ለምዳለች።

ጌታሁን ለሁሉም፣ “ይሁን፣ እናንተ እንዳላችሁት እንደገና እንየው” ይላል። ቁጣ የለ፣ ጥድፊያ የለ። ጃንዋሪ ላይ አፍንጫው ድረስ ያስጠጋው የነበረውን ቅጽ ኤፕሪል ላይ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ “አንብብልኝ እስቲ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው” አለኝ። አነበብኩለት። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር።

ጁን ገባ። ዳያን የዚህ ዓመት ማዘዣ መዘጋቱን አሳወቀችን። ጌታሁንን ይዤው አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ጀልባዎቹ የታሰሩበት የእንጨት መተላለፊያ ላይ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ሥራዬ መናገር ነው ያልኳችሁ ሰውዬ ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ወፎቹ አወራሁ፣ ስለ ትራፊኩ ሁለት ጊዜ አወራሁ።

“ልትነግረኝ ከሆነ ተወው” አለኝ። “ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አውቃለሁ። ዶክተሩ የተናገረው አንድም ቃል አላመለጠኝም።”

“ታዲያ አንተ ሰው፣ ምነው ዝም አልክ?”

“ምን ልበል? ሦስት ሽማግሌ ስለ ሶፋ ቀለም እንደዚያ ተፋፍማችሁ ስትከራከሩ፣ ጀልባው ቀርቷል ብዬ እንዴት ላስከፋችሁ? እናንተ ደስ ብሏችሁ ነበር እኮ። አንጀቴን በላችሁት።”

ይታያችሁ። እኛ እሱን ላለማስከፋት፣ እሱ እኛን ላለማስከፋት፣ አራት ወር ሙሉ ማንም የማይነዳው ጀልባ ላይ መጋረጃ ስንሰቅልና ስናወርድ ከረምን። ይሉኝታ ማለት ይህ ነው። በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው ስለሌለ ሐኪም አይፈለግለትም።

ዳያን መጣች። ነገሩን እንደምንም አስረዳኋት። ሰማችኝና ጫፍ ላይ የታሰረ አሮጌ ፖንቱን አሳየችኝ። “ይህ ጀልባ የእኔ ነው” አለች። “ፌብሩዋሪ ላይ ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ፀሐያማ ቀን መርጬ አወጣው ነበር። አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ መሪውን እሱ ይይዛል፣ ዓይኑ ሳይሄድ ወንዙን እስኪጠግብ ያይ ነበር። ለዚህ ምንም ማዘዝ አያስፈልግም ነበር።”

አሥራ አንድ ገጽ ጥያቄ ስንመልስ ከርመን፣ እሷን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅናትም።

እንዲያም ሆኖ ዳያን ወሰደችን። ጌታሁን መሪውን ያዘ፤ እሷ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ ትመራዋለች። ውሃው ሰፊ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከፊታችን ነጭ ሸራ የወጠረች ጀልባ ታልፋለች። ይህን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምነግረው። ትንሽ እንደሄድን ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አደረገና፣ “ይህ ስንት ፈረስ ነው?” ብሎ ጠየቃት።

“አርባ” አለችው። እኛ ልንጠራው እንኳ ያፈርነውን።

“ይበቃን ነበር እኮ” አለና ሳቀ፤ ኮፍያውን ነፋስ ወስዶ ውሃ ላይ እስኪጥለው ድረስ ሳቀ።

እንግዲህ በሕይወቴ ምዬ የጀመርኩት ነገር ስለሆነ አንዲት ትንሽ ነገር ልናዘዝ፤ ሳቁን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ኮፍያው ግን በእርግጥ ወድቋል። ውሃው ሲወስደው ያየሁት እኔ ነኝ።