የሄልሜቴ ማደሪያ

ጊዜያችሁን በከንቱ አላባክንባችሁም። አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን እየነዳ ሳይሆን እየገፋ እንዴት ሚስት እንዳገኘ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ እናውራ። አትቸኩሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሞተረኛም ለአንባቢም ይሠራል።

ሰው ሞተር ሲመኝ የሚታየው ነፋሱ ነው። እኔ ግን ደክሞኝ የምነግራችሁ፣ የሞተር ትልቁ ጣጣ የሚጀምረው ከሞተሩ ከወረዱ በኋላ ነው። ሄልሜት አለ፤ ጓንት አለ፤ የጉልበት መከላከያ አለ፤ የዝናብ ልብስ አለ። መንገድ ላይ ሳላችሁ እነሱ እናንተን ይጠብቃሉ፤ ከወረዳችሁ በኋላ እናንተ እነሱን ትጠብቃላችሁ። ሉማሜ ሻይ ቤት ገብታችሁ ሄልሜቱን ወንበር ላይ ብታስቀምጡት አስተናጋጇ “ይሄ ቦታ ሰው አለው?” ትላለች። ጠረጴዛ ላይ ብታደርጉት ለሻዩ ቦታ ይጠፋል። መሬት ላይ ብታኖሩት ውሻ መጥቶ ያሸተዋል፤ ውሻ ደግሞ አሽትቶ ብቻ አይመለስም። የሞተሩ መስታወት ላይ ብታንጠለጥሉት የደብረ ማርቆስ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ይወርድና እንደ እንስራ ይሞላዋል። ለቅሶ ቤት ይዛችሁት ስትገቡማ ለቀስተኛው ሟቹን ትቶ እናንተን ያያል። አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ “ውይ፣ በሞተር ነው እንዴ የሞቱት?” ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሟቹ አልጋ ላይ የከረሙ፣ የልጅ ልጃቸውን የዳሩ ሽማግሌ ነበሩ።

አንድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ምጽዋት ከሚጠይቁት ሰዎች አጠገብ አስቀምጬው ገባሁ። አፉን ወደ ላይ አድርጌው ኖሯል። ቅዳሴ አልቆ ስወጣ ሳንቲምና ግማሽ ዳቦ ተጠራቅሞበታል። አጠገቡ ለተቀመጡት አዛውንት ገለበጥሁላቸው። መረቁኝና “በሚመጣውም እሑድ አምጣው፤ ከኔ ቆብ ይልቅ እሱ ያሳዝናል” አሉኝ።

ታዲያ ለምን አትተወውም ትሉኝ ይሆናል። ጓደኞቼም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። የኛ የማርቆስ ጎረምሳ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ ሰክቶ ነው የሚነዳው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ራሱ ላይ ያደርገዋል፤ ሲያልፍ ወደ ክንዱ ይመልሰዋል። ለክርኑ እንደሱ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም። እኔን ግን “አየር ኃይል መጣ!” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ማስረዳት እወዳለሁ። እንጀራዬ የሆነውን ሶላር መጠገኑንም ሞተሩንም ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየፈታሁ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። በራሱ የተማረ ሰው ያወቀውን ካልተናገረ ሆዱን ይነፋዋል። ስለዚህ አደጋውን እዘረዝርላቸዋለሁ፤ ከዝናብ በኋላ ያለውን ጭቃ፣ ገበያ የሚሄደውን አህያ፣ ምልክት ሳያሳይ የሚታጠፈውን ባጃጅ፣ ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር መሪውን ለቅቆ የሚያማትበውን ነጂ። “ቁም፣ ውረድ፣ ከዚያ ተሳለም” እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም ደከመኝ።

አሁን ወደ አያ ደምሴ እንምጣ። አያ ደምሴ ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ በጮቄ ተራራ ጥግ ገብስና ድንች የሚያመርቱ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው የሺመቤት አማኑኤል ከተማ አስተማሪ ናት። እኔና የሺ ከተስማማን ቆይተናል፤ የቀረን የአባቷ ፈቃድ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ። መልሳቸው አጭር ነው፦ “ልጁን አልጠላሁትም፤ የሚቀመጥበትን ነገር ነው የጠላሁት። ልጄን ከኋላው ጭኖ ከአማኑኤል ማርቆስ ሲመላለስ አንድ ቀን ጥቁር ያለብሰኛል።” መቼም ሽማግሌ በአንድ ጉዞ እሺታ አያገኝምና፣ ለእሑድ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ።

በዋዜማው፣ ቅዳሜ ጧት፣ ስልኬ ጮኸ። አያ ደምሴ ናቸው።

“ሶላሩ አልበራ ብሎኛል። ትችል እንደሁ ናና እየው።”

ሄጄ ሳየው አንድ ገመድ ተነቅሏል፤ ያውም በሰው እጅ። ገባኝ። የተጠራሁት ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው።

እኔም ለመታየት ተዘጋጅቼ ነበር። ከራስ እስከ ጉልበት ታጥቄ ነው የሄድሁት። ምሳ ቀርቦ ስንበላ አፌ ተፈታ። ከግድግዳው ላይ ቅል አስወርጄ “ራስ ማለት ይህች ናት” አልሁ። የሄልሜቱን ቅርፊት አንኳኳሁ፤ ውስጡን አስነካኋቸው። አያ ደምሴ ጉርሻቸውን አቁመው ሰሙኝ።

“ያለዚህ አይነዳም በለኛ?”

“በፍጹም፣ አያ ደምሴ! ያለዚህ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ራሱን የጠላ ነው።”

“ይገርማል!” አሉና ሄልሜቴን ራሳቸው አንሥተው ወደ ጓዳ አስገቡልኝ። እኔም ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ሄልሜቴን በክብር ተቀብሎ የሚያስቀምጥልኝ ሰው ካገኘሁ ዓመት አልፎኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በኛ አገር የተወደደ እንግዳ በበቅሎ ሲመጣ ባለቤቱ ኮርቻውን ይደብቅበታል። እንግዳው ልሂድ ይላል፤ ባለቤቱ ኮርቻ አላየሁም ይላል፤ ይማማላሉ፤ በመጨረሻ እንግዳው ያድራል። ጨዋታም ነው፣ ፍቅርም ነው። ሞተር ግን ኮርቻዋ አይወልቅም።

ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ደመናው ጠቆረ። ተነሣሁ።

“አያ ደምሴ፣ ሳይዘንብ ልሂድ፤ ሄልሜቴን ቢሰጡኝ።”

“የምንህን?”

“ያችን የራሴን።”

“የራስህን አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ ምን አውቄ!” ከጓዳ የባለቤታቸው ሳቅ ተሰማ። “ዝናብ መጥቷል፣ ልጄ፤ እደር። ያለሷ አይነዳም ብለህ የለም?”

ለመንሁ። ማልሁ። አያ ደምሴ በጎቹን አስገባለሁ ብለው ወጡ። እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገሩን አሰብሁት። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የኔን ስብከት ያመነ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም አማቴ ሊሆን የታሰበው ሰው ሆነ። ባድር፣ ነገ ጧት ሽማግሌዎቼ ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ ሙሽራው ከልጅቷ አባት ቤት ፊቱን ሲታጠብ ሊያገኙት ነው። ይህ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ራሴን ገልጬ ብነዳ ደግሞ፣ አያ ደምሴ የፈሩትን በዓይናቸው አሳየኋቸው ማለት ነው። በሁለቱም የሺን አጣለሁ።

ሦስተኛ መንገድ ነበረ። ጓንቴን አጠለቅሁ፤ የጉልበት መከላከያዬን አሰርሁ፤ መሪውን ያዝሁና ገፋሁ።

ሞተር ከላይ ሲቀመጡባትና ከጎን ሲገፏት ክብደቷ አንድ አይደለም። ዝናቡ ወረደ፤ ጭቃው ጎማውን እንደ ሊጥ ያዘው። ከገበያ የሚመለስ ሰው “ነዳጅ አለቀብህ?” ይለኛል። “አይ፣ ሄልሜት ነው ያለቀብኝ” ስለው አማትቦ ያልፋል። ከጉብታው ማዶ ስደርስ ቤቱ ከዓይኔ ጠፋ። መንገዱ ባዶ ነው። እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት የመለሰኝ ሞትን መፍራት አልነበረም። ያ ሁሉ ትምህርቴ፣ ቅሉም ቅርፊቱም፣ ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር። የመለሰኝ “ድምፁን ይሰሙት ይሆን?” የሚል ሐሳብ ነው። ሰው አደጋን በሚዛን ሲመዝን ሞትን በአንድ በኩል፣ ሐፍረትን በሌላው ያስቀምጣል፤ እኔ እንዳየሁት ሐፍረት ይከብዳል። እጄን መልሼ ገፋሁ። ለዓይን ሲይዝ ሮብ ገበያ ደረስሁና አልጋ ይዤ ወደቅሁ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቼ ሲመለሱ እዚያው ጠበቅኋቸው። ትልቁ ሽማግሌ ሄልሜቴን ታቅፈው ከመኪና ወረዱ። ጎተራ ውስጥ ነው ያደረው፤ ውስጡ ገብስ ቀርቶበታል።

“ምን አሉ?” አልሁ።

“ምን ይላሉ! ‘እንዲያድር ብዬ ነበር የደበቅሁበት። እየገፋ ሲሄድ፣ ከጉብታው ማዶ ማን ያየኛል ብሎ ያስነሣታል አልሁ። አጥሬ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ከዝናቡ በቀር የሰማሁት የለም። ሰው ሳያየው የሚጠነቀቅ ልጅ፣ ልጄን አይጥላትም’ አሉ። ሰጥተውሃል።”

ስለ ቁልፉ ለሽማግሌዎቹ አልነገርኋቸውም። መርቀው ሳይጨርሱ ነገር ማንሣት ነውር ነው።

“አንድ ነገር ግን አስረግጠዋል” አሉ ሽማግሌው። “‘የሺም ከኋላው ከተቀመጠች እንደሱ ያለ ታጥልቅ፤ ቅሉን አሳይቶኛል’ ብለዋል።”

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ አያ ደምሴ ሞተረኛ ወረሱ። እኔ የወረስሁት ግን ሁለተኛ ሄልሜት ነው። አሁን ሉማሜ ሻይ ቤት ስንገባ ለሁለት ሰው አራት ወንበር እንይዛለን። ለቅሶ ስንሄድ ሁለት ሟች ያለ ይመስላል። ደክሞኛል ብያችሁ የለ?

ለማንኛውም እናንተም ሞክሩት። በሚመጣው እሑድ ሄልሜታችሁን አጥልቁና ወደ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሂዱ፤ ያለሱ እንደማይነዳም አስረዱ። ስትሄዱ ግን ለእግር መንገድ የሚመች ጫማ አድርጉ።