የለንደን ጭጋግ በሸዋሮቢት

ሰው ሲያረጅ ወደ ፈጣሪው ይጠጋል ይባላል፤ እኔ ወደ ለንደን ተጠጋሁ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ወደነበረችው፣ ጭጋግ ወደሚውጣት፣ የጋዝ ፋኖስ በየመንገዱ ጭል ጭል ወደሚልባት፣ በየሁለት ምዕራፉ አንድ ባለጠጋ ታንቆ ወደሚገኝባት ለንደን። ከእንግሊዝኛ አስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዚያን ዘመን የግድያ ምርመራ ልብወለድ ሳነብ ነው የምውለው። ምን አለው ብትሉኝ፣ አንደኛ ብርዱ። የሸዋሮቢትን ቀትር የማታውቁ ሳቁ፤ እኔ ግን ለንደን ላይ ሲዘንብ የሸሚዜን ቁልፍ እቆልፋለሁ። ሁለተኛ፣ እዚያ አገር አንድ ሰው ሲሞት የሚጨነቅለት አለ። መርማሪው እንቅልፍ አጥቶ የሲጋራ አመድ ይለቅማል፤ በመጨረሻም ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ “አንተ ነህ!” ይላል። ደስ ሲል!

እኛም እኮ ሳሎን አለን፤ አውጫጭኝ ይባላል። የሰፈሩ ሰው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች “ያየህ ተናገር፣ የሰማህ ተናገር” ይላሉ። የእትዬ ዘሐራን ልጅ ሰይድን፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጁን አቁሞ አስፋልቱን ሲሻገር አንድ አይሱዙ ገጭቶት የሄደ ጊዜም ተሰበሰብን። ባለመኪናውን የማያውቅ አልነበረም። ስሙ ግን ካንድም ሰው አፍ አልወጣም። ሽንኩርት ሻጩም፣ ባለልኳንዳውም፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪውም “ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር” አሉ። ያን ቀን የሸዋሮቢት ገበያ በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚገበያየው።

እኔስ? ደጄ ላይ ተቀምጬ ሁሉን አይቻለሁ። ዓይኔ የሚደክመው ለቅርብ ነው፤ ለሩቅ ንስር ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ግን “መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ነበር” አልኩ። ሰውየው ዘመዴ አይደለም፣ አልፈራውምም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ሌላው ዝም ሲል እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው። ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በሳምንቱ እትዬ ዘሐራ ደጄ መጡ።

“ጋሼ፣ ያን ቀን ሲያነቡት የነበረውን መጽሐፍ ያንብቡልኝ” አሉ። “የልጄን ሞት እንዳያዩ ያደረገዎ ነገር ምን እንደሆነ ልስማው።”

እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ደጄ ባለችው ኒም ዛፍ ሥር እየተቀመጥን ገጽ በገጽ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። መርማሪው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የጫማ ዱካ ሲለካ “ዘመዳቸው ነው እንዴ እንዲህ የሚለፋው?” አሉ። አይደለም አልኳቸው። “ወላሂ ደግ ሰው ነው” አሉ። ሌላ ቀን፣ ከሰይድ ቀብር በኋላ የገዛሁትን አዲሱን መነጽሬን ሳደርግ አዩኝና “ያለሱ አይሆንልዎትም?” ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም እየሳቅሁ “ያለሱ ሀን ከለ አልለይም” አልኩ።

መጽሐፉ ያለቀ ዕለት፣ መርማሪው ገዳዩን እንደጠቆመ፣ እትዬ ዘሐራ የሻሻቸውን ጫፍ ፈተው አንድ መነጽር መጽሐፉ ላይ አስቀመጡ። አሮጌው መነጽሬ ነው። ማጠፊያው ወልቆ፣ ሰይድ ሰዓት ጠጋኙ ጋ እንዲያሠራልኝ የሰጠሁት።

“ከሸሚዙ ኪስ ነው ያገኘሁት” አሉ። “ሊሰጥዎ ሲሻገር ነው የሞተብኝ። ታዲያ ያን ቀን በምንዎ አነበቡ፣ ጋሼ?”

ላቤ ወረደ። የለንደን ብርድ አልደረሰልኝም።

“ገዳዩንማ አውቀዋለሁ። ያጣሁት አየሁ የሚል አንድ ሰው ነው” አሉ።

“ነገ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ” አልኩ።

“ኢንሻአላህ” ብለው ተነሱ።

ነገ ካልኩ አምስተኛው ወር ገባ። እትዬ ዘሐራ ዳግመኛ ደጄን አልረገጡም። ባለመኪናው ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደሩ ጋሼ?” ይለኛል፣ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ። ሌላ መጽሐፍም ጀምሬአለሁ፤ ሰይድ ያሠራው መነጽር ከአዲሱ ይሻላል። ለእናንተ ግን ይኸው አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እናንተ ቃል ተቀብላችሁ አታስፈርሙኝም።