ሆድ ያባውን ሣር ያወጣዋል

ሰው የሚያውቀውን ነገር ሆዱ ውስጥ ይዞ መቀመጥ ለምን እንደሚያቅተው አስባችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈሩና ከጎናችሁ ላለው ሰው ስለ አንድ ፊልም ማውራት ጀምሩ። ዳገቱ ገና ሳይጋመስ ከኋላ ወንበር አንዱ አንገቱን አስግጎ፣ «እሱ እኮ መጨረሻ ላይ ይሞታል» ይላችኋል። ማን ጠየቀው? ማንም። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው፤ በግብርና ሠራተኝነት ወደዚህ መጥቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ እዚሁ ሴቻ ቀርቻለሁ። እዚያም እዚህም ያየሁት ሰው መጨረሻውን ቀድሞ ካልተናገረ እንቅልፍ የማይወስደው ነው። እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

በዚህ በሽታ እንደ ጎረቤቴ እንደ ጋሽ መስቀሌ የተጎዳ ሰው ግን አላውቅም። ጋሞ ነው፣ የገረሴ ልጅ፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ የሦስት የወንጀል ልብ ወለዶች ደራሲ። በሦስቱ መጻሕፍት በመርዝ፣ በገመድና በጥይት አሥራ አንድ ሰው ገድሏል። ለበዓል ዶሮውን የማርድለት ግን እኔ ነኝ። ባለቤቱ እትዬ አየለች ረቂቁን ስታነብ አሥረኛው ገጽ ላይ ትደርስና መነጽሯን አውልቃ፣ «ይኼ ሰውዬ ነው የገደለው» ትለዋለች። ሦስቱንም ጊዜ አልተሳሳተችም። እሱም ሦስቱንም ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል አኩርፏል።

አራተኛውን መጽሐፍ ግማሽ እንዳደረሰ መምህርት ትዕግሥት መጣች። የከተማውን የድራማ ክበብ የምትመራ ልጅ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈጸመ የግድያ ምስጢር መድረክ ላይ ማሳየት አሰበች፤ ያኔ አርባ ምንጭ የሚባል ከተማ ስላልነበረ ታሪኩ ገረሴ እንዲሆን ወሰነች፤ መርማሪው ደግሞ ደራሲ እንዲሆን፣ እሱንም ራሱ ጋሽ መስቀሌ በገዛ ስሙ እንዲጫወተው ጠየቀችው። «እኔ እኮ ያኔ አልተወለድኩም» ቢላት፣ «ድራማ ነው ጋሼ፣ ማን ይቆጥራል?» አለችው። ድራማውን እሱ ጻፈው፤ የመጨረሻዋን ገጽ ግን ከእሱና ከትዕግሥት በቀር ማንም እንዳያያት አደረገ። ከዚያ በእኛ ፊት ማለ። «ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት የገዳዩ ማንነት ከታወቀ ብዕሬን እሰቅላለሁ። አራተኛውም መጽሐፍ እዚያው ባለበት ይቀራል።» እትዬ አየለች ልምምድ ወደሚደረግበት ግቢ እንዳትደርስ ተከለከለች።

እኔ የተሰጠኝ ቦታ የሟቹ ነው። የጣሊያን አስተርጓሚ ሆኜ ገና መጋረጃው ሲከፈት ተገድዬ እገኛለሁ። የምይዘው ቃል የለም፣ የምረሳው የለም። ማን እንደገደለኝም አልተነገረኝም። ሞቼ እንኳን አልታመንኩም ማለት ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሙቀቱ የአርባ ምንጭ ነው፣ ሌላ ምን ልበላችሁ። ታሪኩ የአገራቸው ነውና ከገረሴ የመጡ ሽማግሌዎች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ወጉ በዕድሜ ትልቁ አቶ አንጁሎ፣ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተነሥተው ጉባኤውን መረቁ። «ሰላም ይሁን፣ ጥጋብ ይሁን» ሲሉ ሕዝቡ አሜን አለ። ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ፤ እኔም በነጠላ ተሸፍኜ ተጋደምኩ። ወዲያው አንዲት የወባ ትንኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሥራዋን ጀመረች።

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች አርበኛው፣ የማር ነጋዴውና የጠጅ ቤቱ ባለቤት ነበሩ። ጋሽ መስቀሌ ካፖርቱን ለብሶ ላቡ እየተንቆረቆረ አሰለፋቸው። በነጠላዬ ቀዳዳ አየዋለሁ፤ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እትዬ አየለች ሁለተኛው ረድፍ ላይ መነጽሯን አድርጋ አንዴ አርበኛውን፣ አንዴ ነጋዴውን ታያለች፤ ግራ ገብቷታል። «ከመካከላችሁ አንዱ ይዋሻል» አለ ጋሽ መስቀሌ።

አቶ አንጁሎ ብድግ አሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ያደግሁበት አገር ሰው። ጋሞ ግን እስኪያድር አይጠብቅም። ሰው ከሞተ፣ ሕዝብ ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም ሽማግሌ መርቆ በሚከፍተው ሸንጎ ላይ ይቀመጣል፤ ያጠፋም ሰው ራሱ ይናገራል። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ደግሞ ጦር የመዘዘም ጦሩን ያወርዳል። አቶ አንጁሎ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና ሣራቸውን እንደያዙ መድረኩ ላይ ተንበረከኩ።

«ልጆቼ፣ ሰው ሞቷል» አሉ። «ደም ተደብቆ እህል አይበላም። ዝናብም ይቀራል። ያደረገው ይናገር፣ እኛ አለን።»

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ድራማውን ትተው ዱብ ዱብ እያሉ ተንበረከኩ። «እኔ አይደለሁም አባቴ» አሉ ተራ በተራ፤ እውነታቸውን ነው። የቆመው ጋሽ መስቀሌ ብቻ ቀረ። አቶ አንጁሎ ወደ እሱ ዞሩና፣ «አንተስ ልጄ?» አሉት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩለት። አፉን ከከፈተ መሐላው ፈረሰ፣ አራተኛው መጽሐፍም ቀረ። «አባቴ፣ ይኼ እኮ ጨዋታ ነው» ማለት ይችል ነበር። እኔ ብሆን እል ነበር። እሱ ግን ሣሩን አየ፤ የገረሴ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ» አለ።

መርማሪው ራሱ ገዳይ። እትዬ አየለች መነጽሯን አወለቀች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አላወቀችም ነበር።

«ለምን?» አሉ አቶ አንጁሎ።

«የመጽሐፌን መጨረሻ ለአገሩ ሁሉ አወራብኝ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አቶ አንጁሎ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተም ተነሥ» አሉኝ። ተነሣሁ፤ ምን ላድርግ? አስተቃቀፉን። «አንተ የሰው ታሪክ መጨረሻ ሁለተኛ እንዳታወራ» አሉኝ። እሱንም፣ «አንተም ሁለተኛ ሰው እንዳትገድል» አሉት። ሁለታችንም ሣሩን ነክተን ቃል ገባን፤ ሕዝቡም አሜን አለ። የመጨረሻው ትዕይንት ሳይታይ ቀረ፤ ለነገሩ ምን ሊያሳይ?

ትዕግሥት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «አባቴ፣ ድራማ እኮ ነበር» ስትላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ» አሏት። «ሟቹ ትንኝ ሲነክሰው እግሩን ያካል። ግን እኔ መርቄ በከፈትኩት ጉባኤ፣ በጨዋታም ቢሆን ደም አይደበቅም።»

የጋሽ መስቀሌን መሐላ እትዬ አየለች ዳኘችው። «ማንም አላወቀብህም፣ አንተው ነህ የተናገርከው። መሐላህ አልተነካም፣ ጻፍ» አለችው። ነገር ግን ሣር ነክቷል፤ ሰው መግደል የለም። ስለዚህ በአራተኛው መጽሐፍ የነበሩትን ሦስት ሬሳዎች አስነሣቸውና በቦታቸው አንድ የተሰረቀ ፈረስ ተካ። ለእትዬ አየለች ሰጣት። አሥረኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ መነጽሯን አወለቀች፣ አየችው፣ መነጽሯንም መልሳ አደረገች። «ማን ይሆን ግን? ጨነቀኝ እኮ» አለችው።

ይህን ጋሽ መስቀሌ ራሱ ነው በአጥር ላይ እየተንጠራራ፣ ፊቱ እያበራ የነገረኝ። ረቂቁን ለእኔም ሰጠኝ። አሥረኛው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ የጠፋውን ፈረስ የሚፈልግ አንድ ብልህ መርማሪ አለ። ገባኝ። እናንተም ሳይገባችሁ አይቀርም።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሌባውን አወቅኸው?» አለኝ።

መጀመሪያ እጁን አየሁ። ሣር አልያዘም።

«በፍጹም» አልኩት።