እንግሊዝኛ በአንድምታ

ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ደብተራ ወልደኢየሱስ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር አዘዞ የከረሙባትን አንዲት ክረምት ዛሬም አውርተው አይጠግቡም። ሥራቸው ሻይ ማፍላት ነበር። እሳቸው «ከእንግሊዞች ጋር ስንመካከር» ነው የሚሉት።

ሰሞኑን ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለጎልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ የምታስተምረውም ሰዉ ሁሉ «ሚስ» የሚላት እንግሊዛዊት ረዳት መምህር ትፈልጋለች የሚል ወሬ መጣ። ደብተራው ወሬውን በሰሙ ሌሊት ሹመቱን በልባቸው ወስደውት አደሩ። ለአጥቢያው አለቃ «ከእንግዲህ ማኅሌት አልቆምም፣ ሌላ ፈልጉ» አሉ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተሩፋኤል «ከእንግዲህ የቲቸር ሚስት ነሽ» አሉ። እንግዲህ ሹመቱ ከቀረ ደብተራው ከዚያም ከዚህም የሉም፤ የጎንደር መሳቂያ ሆነው መቅረታቸው ነው።

እስኪጠሩ ድረስ አንድ ተማሪ ይዘዋል። ማሩ ይባላል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ በበቅሎ እየጫነ ጎንደር የሚያመላልስ ሰው ነው። ሚስቱ ይመኙሽ ሚስ ቤት ልብስ ታጥባለች። ማሩ ነገረ ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ግን ልጅ ሳለ ዳዊት ደግሟል፣ አንዴ የሰማውን በቃሉ ይይዛል። ትርጉሙን መጠየቅ ልማዱ አይደለም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱ ከአንድ ዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርቱን ገና ከመጀመራቸው ተጣልተዋል።

ደብተራ፦ ትፋው! አሁኑኑ ትፋው!

ማሩ፦ ምኑን ልትፋው የኔታ? ምንም አልበላሁም እኮ።

ደብተራ፦ «ባተር» አላልህም? ባተር ቅቤ ነው። በረቡዕ ቀን ቅቤ አፍህ ውስጥ ከተትህ!

ማሩ፦ ቃሉን እኮ ነው ያልሁት። ቃል ከአፍ ይወጣል እንጂ ወደ አፍ አይገባም።

ደብተራ፦ ከመውጣቱ በፊትስ የት ነበር?

ማሩ፦ (አስቦ አስቦ) እ... አፌ ውስጥ።

ደብተራ፦ እኮ! ገደፍህ። በጾም ቀን የጾም ቃል ብቻ ነው የምናጠናው። ሽንብራ፣ ምስር፣ ጎመን።

ማሩ፦ ሸጋ። ሽንብራ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ደብተራ፦ (ዐይናቸውን ወደ ዋንዛው ቅርንጫፍ ሰቅለው) እንግሊዝ አገር ሽንብራ የለም።

ማሩ፦ ምስርስ?

ደብተራ፦ ምስርም የለም።

ማሩ፦ ጎመን መቼም አይጠፋም።

ደብተራ፦ አንተ ሰው፣ ረቡዕን የማይጾም ሕዝብ ለጎመን ስም አውጥቶ ምን ያደርግለታል? ሌላ ጠይቅ!

ማሩ፦ እሺ፣ ማኪና?

ደብተራ፦ ማኪና ራሱ እንግሊዝኛ ነው።

ማሩ፦ ምነው፣ ጣሊያን ያመጣው ቃል መስሎኝ?

ደብተራ፦ ጣሊያን ከእንግሊዝ ሰርቆ ነው። ታዲያ ለምን የተባረረ ይመስልሃል?

ማሩ፦ ቦርሳስ?

ደብተራ፦ ቦርሳንም ሰርቋል።

ማሩ፦ ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ በአገር ጉዳይ የተዋጉ ይመስለኝ ነበር።

ደብተራ፦ ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚመስለው። በል ወደ ሰዋስው እንለፍ። ቁም!

(ማሩ ይቆማል። ደብተራው ማኅሌት ቢተዉም መቋሚያቸውን አልተዉም፤ አንሥተው መሬቱን ይመቱበታል።)

ደብተራ፦ የእንግሊዝ ግሥ ሦስት መልክ አለው። ለምን ሦስት ሆነ?

ማሩ፦ እንጃ።

ደብተራ፦ ዜማ ሦስት ስለሆነ ነዋ! ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። «ጎ»ን በግዕዝ፣ «ዌንት»ን በዕዝል፣ «ጎን»ን በአራራይ። በል አውጣው!

ማሩ፦ (በረጅሙ) ጎ ኦ ኦ ኦ...

ደብተራ፦ ወገብህን! ሳትሸበሽብ ማን እንግሊዝ ይሰማሃል?

ማሩ፦ (እየተወዛወዘ) ዌ ኤ ኤ ኤ ንት... የኔታ፣ ለመሆኑ ፍቺው ምንድን ነው?

ደብተራ፦ ስድ! ንባብ ሳይጠና ፍቺ ይጠየቃል? ዳዊት ስትደግም ትርጓሜውን ጠይቀህ ነበር?

ማሩ፦ ኧረ የት ጠይቄ! ኩርኩሙን ማን ይችለዋል?

ደብተራ፦ እንግዲያውስ ይህን ያዝ፤ ተማሪ ንባብ ይይዛል፤ ትርጓሜ የመምህር ነው።

ማሩ፦ ይዣለሁ።

ደብተራ፦ አሁን ሦስተኛው ትምህርት፤ ዓላማ! ጎልማሳ ሲማር ወዴት ሊደርስ እንደፈለገ አስቀድሞ ይናገር ብላለች ሚስ ራሷ። ያንተ ዓላማ ምንድን ነው?

ማሩ፦ የኔማ ይመኙሽ በፈረንጅ አፍ ስትናገረኝ ተሰደብሁ ወይስ ተመረቅሁ የሚለውን ለመለየት ነው።

ደብተራ፦ ኤዲያ! ይህም ዓላማ ሆኖ! ለሚስት ቁጣ ምን አስተርጓሚ ያሻል? ፊቷን አይተህ አትሸሽም?

ማሩ፦ የእርስዎስ ዓላማ የኔታ?

ደብተራ፦ የኔማ ሹመት ነው! ረዳት መምህር። ኮት ለብሼ፣ ጠመኔ ይዤ፣ ጎልማሳውን ሁሉ ቁጭ ብድግ እያደረግሁ... (ድምፃቸው ዝቅ ይላል) ማሩ፣ እውነቱን ልንገርህ። ጥሪው ዘግይቶብኛል። ትናንት አለቃው መንገድ ላይ አገኙኝና «እንዴት ነው፣ ቲቸር?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ይህ ነገር ከቀረ እኔ በዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም። ወለተሩፋኤልም ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች፤ ከቤት ታስወጣኛለች።

ማሩ፦ ኧረ እሱን ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁ። ዛሬ ጠዋት ይመኙሽ አንድ የእንግሊዝኛ ንባብ አስይዛኝ...

ደብተራ፦ (አቋርጠው) ሰደበችህ!

ማሩ፦ ኧረ የለም፣ ለእርስዎ...

ደብተራ፦ ለእኔ አምጥተህ ልታስፈታ። ገባኝ፣ ገባኝ! ለብልህ ሰው ግማሽ ቃል ይበቃዋል። ንባቡን አውርድ!

ማሩ፦ አስቀድሜ ከማን እንደመጣ ልንገርዎና...

ደብተራ፦ ከንባቡ ሌላ አንዲት ቃል እንዳልሰማ!

(ማሩ ትከሻውን ይሰብቃል። እጁን አጣምሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል።)

ማሩ፦ «ኢፍ ዩ ኖው ዚስ፣ ካም ኤንድ ቲች። ኢፍ ኖት፣ ካም ኤንድ ለርን።»

የደብተራው ልብ ድንግጥ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚያውቋት ቃል አንዲት «ካም» ብቻ ናት፤ አዘዞ ሳሉ «ካም!» ሲባሉ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ይሮጡ ነበርና። ቢሆንም ተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል። ደብተራው ደግሞ ሲጨንቃቸው የሚገቡበት አንድ ዋሻ አላቸው፤ የመጽሐፍ መምህራን ቅዱሱን ቃል እንደሚተረጉሙት፣ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ፣ አንድም እያሉ መዘርዘር። በአንድምታ የተሳሳተ ሰው የለም፤ አንዱ ቢስት ሌላው ያገኘዋል።

ደብተራ፦ (ጉሮሯቸውን ጠርገው) «ኢፍ»፤ እፍ አለች። እፍ ማለት ምንድን ነው ቢሉ፣ አንድም እሳት ነው፤ ተቆጥታ ነደደች። አንድም አቧራ ነው፤ እፍ ብላ ናቀችህ።

ማሩ፦ ይደንቃል!

ደብተራ፦ «ዩ ኖው ዚስ»፤ ይህ ባል ድንዙዝ ነው።

ማሩ፦ እሱስ አንድም የለውም?

ደብተራ፦ ግልጽ ነገር አንድም አያሻውም። «ካም ኤንድ ቲች»፤ ና፣ ሻይ አፍላ። «ቲ» ሻይ መሆኑን አዘዞ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። «ቲች» ሲሆን ብዙ ሻይ ነው።

ማሩ፦ የኔታ፣ እርስዎ «ቲቸር ነኝ» ይሉ የለ? ቲች ከቲቸር ጋር አይዛመድም?

ደብተራ፦ ስሙ የተቀራረበ ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ? አንተስ ማሩ ትባል የለም? ትጣፍጣለህ?

ማሩ፦ ኧረ እኔስ አልጣፍጥም።

ደብተራ፦ እንግዲያው ዝም ብለህ ስማ! «ኢፍ ኖት»፤ ሁለተኛ እፍ አለች፤ አልበረደላትም። «ካም ኤንድ ለርን»፤ ና ልቀቅ። ምኑን ይልቀቅ ቢሉ፣ አንድም ቤቱን፣ አንድም በቅሎዋን።

ማሩ፦ በቅሎዋን! በቅሎዋ የኔ አይደለችም እንዴ?

ደብተራ፦ እንግሊዝኛ የገባበት ቤት እንዲህ ነው።

ማሩ፦ (ራሱን እያከከ) ታዲያ ይህንኑ ላድርስ?

ደብተራ፦ አድርስ! ማን እንደፈታውም ጨምረህ ንገር።

ማሩ፦ እርግጠኛ ነዎት የኔታ? ሌላ የሚያክሉበት፣ የሚቀንሱት...

ደብተራ፦ አንተ ድንጋይ ራስ! እኔ ወልደኢየሱስ የፈታሁትን ማን ይቀንሳል? ቃል በቃል አድርስ!

ማሩ፦ ሸጋ። (ጋቢውን ይደርባል) እንግዲህ ለሚስ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ደብተራው ሲፈቱት፣ እርስዎ እፍ አሉ፣ ባል ድንዙዝ ነው አሉ፣ ብዙ ሻይ አፍላ አሉ፣ ሁለተኛ እፍ አሉ፣ በቅሎዋን ልቀቅ አሉ።»

ደብተራ፦ የምን ሚስ?

ማሩ፦ ንባቡን የላኩት ሚስ ናቸዋ።

ደብተራ፦ ይመኙሽ አልሰደበችህም?

ማሩ፦ ኧረ ይመኙሽ ስለ እርስዎ ብትነግራቸው፣ ከሳቸው ተቀብላ አስያዘችኝ እንጂ። ቃሉ ከሚስ ለእርስዎ ነው። «አድርስ፣ የሚሉትንም ይዘህ ና» ነው የተባልሁ። አዳራሹ ደጃፍ ሆነው ይጠብቁኛል።

(ደብተራው ብድግ ይላሉ። መቋሚያው በአንድ በኩል፣ ነጠላው በሌላ በኩል ይወድቃል።)

ደብተራ፦ እሰይ! እሰይ! ሹመቴ መጣ! የቅድሙን ተወው። የቅድሙ ላይ ላዩን ነው፤ ምሥጢሩ ገና አልተነካም።

ማሩ፦ ሌላም አለው?

ደብተራ፦ እንዴታ! «ኢፍ»፤ በእሳት እፍ ተብሎ የጠራ ወርቅ። ማን ቢሉ፣ እኔ። «ዩ ኖው ዚስ»፤ ይህ ሰው አዋቂ ነው።

ማሩ፦ ቅድም ድንዙዝ አልነበር?

ደብተራ፦ ላንተ ሲሆን ድንዙዝ፣ ለእኔ ሲሆን አዋቂ! ቃል እንደ ሰሚው ነው። «ካም ኤንድ ቲች»፤ ና፣ አብረን ሻይ እንጠጣ። «ካም ኤንድ ለርን»፤ ና፣ ሹመትህን ልበስ።

ማሩ፦ በቅሎዋስ?

ደብተራ፦ የተሸለመች በቅሎ ትሰጠኛለች! በል፣ አብሬህ እመጣለሁ። በቤቴ በኩል እናልፋለን፤ ወለተሩፋኤል ኮቴን ታወጣልኛለች። በአለቃው ደጅም እናልፋለን። ይሳቁ አሁን! ያስላቸው አሁን!

ማሩ፦ ኧረ ቀስ ይበሉ የኔታ። መልስዎን ከሰጡ እንግዲህ መናገር እችላለሁ። ይመኙሽ ፍቺውንም ነግራኝ ነበር። «እሳቸው ሳይመልሱ ፍቺውን እንዳትተነፍስ፣ ፈተና ነው» ብላ አስምላኝ ነው።

ደብተራ፦ የምን ፈተና?

ማሩ፦ «ይህ ከገባህ መጥተህ አስተምር። ካልገባህ መጥተህ ተማር።» ይኸው ነው።

(ደብተራው ነጠላቸውን ከመሬት ሊያነሡ እንዳጎነበሱ ይቀራሉ።)

ደብተራ፦ አንድምስ?

ማሩ፦ አንድም የለውም።

ደብተራ፦ ፍቺውን እያወቅህ ነው ይህን ሁሉ ያስለፈለፍኸኝ? አንተ የማታፍር! ምነው ዝም አልህ?

ማሩ፦ ልናገር ስል ንባብ ብቻ አሉ። ከማን እንደመጣ ልንገርዎ ብል አልሰማም አሉ። ቲችና ቲቸር ዘመድ ናቸው ብል አትጣፍጥም አሉኝ። ድንጋይ ራስ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

(ደብተራው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። አለቃውን ያስባሉ፣ ወለተሩፋኤልን ያስባሉ፣ የሚገቡበት ይጠፋቸዋል።)

ደብተራ፦ ጉዴ ፈላ! የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልሁ። ማሩ፣ የኔ ልጅ፣ አንተ ሸጋ ሰው፣ «አሳምረው ፈቱት» ብለህ ንገርልኝ።

ማሩ፦ ብናገርስ! ዛሬ ማታ ትምህርቱ ሲከፈት አዳራሽ ሙሉ ጎልማሳ ፊት ያቆሙዎታል። አንዱ ተነሥቶ «ሽንብራ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ሲልዎ ምን ሊሉት ነው?

ደብተራ፦ (በደከመ ድምፅ) እንግሊዝ አገር ሽንብራ የለም እለዋለሁ።

ማሩ፦ ሚስ እዚያው ቆመው?

ደብተራ፦ እውነትህን ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

ማሩ፦ እውነቱን መናገር ነዋ። ሄደው አላውቅም ማለት።

ደብተራ፦ አላ... (ያስላቸዋል) አላው... አትወጣም! ከተወለድሁ ከአፌ ወጥታ አታውቅም። አገሬው እየሰማኝ፣ አለቃው እየሰሙኝ፣ እንዴት ብዬ! (ድንገት ዐይናቸው ይበራል) ቆይ፣ ለምን በእንግሊዝኛ አልላትም? ከሚስ በቀር የሚሰማኝ የለም። ማሩ፣ «አላውቅም» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ማሩ፦ እኔ ከየት አውቄ የኔታ! እሷን ቃል ነው አሉ፣ ሚስ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩት። ይነሡ እንሂድ፣ አዳራሹ ሳይሞላ ቦታ እንያዝ።